ከአምፑ በፊት፣ ከአምፑ በኋላ

የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ፕለጊን፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ አምፕን የሚያስመስል ሶፍትዌር፣ የሚሠሩ ሰዎች ደንበኛቸውን ያውቁታል። ፕለጊኑን ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ድምፅ ሳይሆን ሥዕል ነው። ዳር ዳሩ የተበላ ጨርቅ የለበሰ ሣጥን፣ ቀይ መብራት፣ ቁጥሮቻቸው በእጅ ብዛት የደበዘዙ ማዞሪያዎች። ገና አንድ ክር ሳትነኩ ልባችሁ ይሸፍታል። ሥዕሉን እኔም እወደዋለሁ፤ መቼስ ዓይንም ድርሻውን ይፈልጋል። ግን ጊታር በኮምፒውተር መቅረጽ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ እምነት እየጠነከረብኝ መጥቷል። የድሮ ቀረጻዎች ላይ የምንወደውን ቃና ፍለጋ ስንወጣ፣ የአምፑ ስም ከሁሉም ያነሰው ጉዳይ ነው። ከጊታሩ ወደ አምፑ የሚገባው የኤሌክትሪክ ሲግናልና ከአምፑ በኋላ ያለው ስፒከር ይበልጡታል።

አምፕ ሁሉ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ቮክስ ኤሲ30 የሚባለውን አምፕ ከማርሻል አምፕ የማይለይ ጆሮ ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ድረስም አያነብም። የምለው ሌላ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ስትከታተሉት መንገዱ ከአምፑ ሣጥን ያስወጣችኋል።

ፌንደር ቤዝማንን ውሰዱ። ስሙ እንደሚናገረው ለቤዝ ጊታር የተሠራ አምፕ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተሠራው 5ኤፍ6-ኤ የሚባለው ሞዴል አራት ባለ 10 ኢንች የጄንሰን ስፒከሮች አሉት፤ ጀርባው ክፍት ነው። ቤዝ ተጫዋች ያልጠገበውን ድምፅ ጊታሪስቶች ወደዱት። ቮልዩሙ ሲጨመር ይሻክራል፣ ሲሻክር ደግሞ ያምራል። በ1962 ለንደን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው ጂም ማርሻል ከኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር የመጀመሪያ አምፑን ሲሠራ የተነሳው ከዚሁ ከቤዝማን ሰርኪት ነው። ጄቲኤም45 ተባለ። የሁለቱን ንድፍ ጎን ለጎን ብትዘረጉት መንታ ናቸው ማለት ይቻላል።

ድምፃቸው ግን ሌላና ሌላ ነው። ለምን? ቤዝማኑ ላይ ሲግናሉን መጀመሪያ የሚቀበለው ቲዩብ (ሲግናልን የሚያጎላ የመስታወት አምፖል) 12ኤዋይ7 የሚባለው ነው። ማርሻሉ ላይ በዚያው ቦታ ኢሲሲ83 ተቀመጠ፤ አሜሪካኖቹ 12ኤኤክስ7 የሚሉት ማለት ነው። ሁለተኛው ሲግናልን የማጎልበት አቅሙ ከመጀመሪያው እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ማርሻሉ ውስጥ ሁሉም ነገር ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይሻክራል። በመጨረሻው በኩል ደግሞ በአራቱ ባለ 10 ኢንች ጄንሰኖች ፋንታ ጀርባው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የታጨቁ አራት ባለ 12 ኢንች ሴለስቲየኖች ናቸው ያሉት። መሃል ላይም የተቀያየረ ነገር አለ፤ ቲዩቦቹም ትራንስፎርመሮቹም አንድ አይደሉም። ለእኔ ግን የሮክ ጊታርን ድምፅ የለወጠው በመግቢያውና በመውጫው በር ላይ የሆነው ነው።

ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1998 ላይን 6 የሚባለው ኩባንያ ፖድ የተባለውን ዕቃ ሲያወጣ ብዙ ሰው ስቆ ነበር፤ የባቄላ ቅርጽ ያለው ቀይ ዕቃ ውስጥ የአምፕ መዓት! ሳቁ ብዙም አልቆየም። ዛሬ ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ሰርኪቱን ከነሬዚስተሩ ከነካፓሲተሩ በሒሳብ ማስላት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል ቮልቴጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ይጻፋል፣ ኮምፒውተሩ በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ያሰላዋል። በዚህ መንገድ የተሠራ ፕለጊን ላይ ማዞሪያውን ስታዞሩ ሒሳቡ አብሮ ይዞራል። ሁለተኛው መንገድ ሰርኪቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጨርሶ አይጠይቅም። አምፑ ውስጥ የታወቀ ሲግናል ይላካል፣ የወጣው ይቀረጻል፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና ሶፍትዌሩ ይማራል። ኬምፐር የሚባለው ኩባንያ በ2011 አምፕን እየቀዱ የመያዝን ሐሳብ ታዋቂ አደረገው። አሁን ደግሞ ስቲቨን አትኪንሰን የጀመረው ኒውራል አምፕ ሞደለር የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ይህንኑ በኒውራል ኔትወርክ ይሠራል። ማንም አውርዶ ሊጠቀምበት፣ አምፕ ያለውም የራሱን አምፕ ቀድቶ ለሌላው ሊያካፍልበት ይችላል። በጥሩ ሁኔታ የተቀዳ ሞዴል ከእውነተኛው አጠገብ ዓይን ተጨፍኖ ሲሰማ መለየት በጣም ይከብዳል። እኔ ለመለየት መሞከሩን ትቼዋለሁ።

አንድ ጣጣ አለው። የተቀዳው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ያ አንድ አምፕ ማዞሪያዎቹ በዚያ ቀን በነበሩበት ቦታ ላይ ሆኖ ነው። ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ብትጨምሩ የምትጨምሩት የፕለጊኑን ኢኳላይዘር እንጂ የአምፑን አይደለም። እኔ ይሄ ብዙም አያስከፋኝም። በአንድ አቀማመጥ ላይ ያለ ጥሩ አምፕ ለአንድ ዘፈን ይበቃል።

የስም ነገር ከተነሳ ደግሞ ይሄን አስቡት። "የ1959 ቤዝማን" የሚል ሞዴል ስታዩ የትኛው ቤዝማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። በዚያ ዘመን አምፖች ውስጥ የገቡት የካርቦን ሬዚስተሮች ገና ከፋብሪካ ሲወጡ እንኳ ከተጻፈባቸው ቁጥር አሥር በመቶ ወዲህ ወዲያ ማለት የተፈቀደላቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሙቀትና ዕድሜ አለ። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ይደርቃሉ፣ ቲዩቦች ይቀየራሉ፣ ስፒከሮች ተቀደው አዲስ ኮን ይለብሳሉ። በአንድ ሳምንት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት አምፖች ከስድሳ ዓመት በኋላ ወንድማማችነታቸው ይቀርና የሩቅ ዘመድ ይሆናሉ። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ያንን አንዱን ሣጥን ነው የምትሰሙት።

አሁን ከአምፑ በፊት ወዳለው። ብዙ ሰው "ይሄ ፕለጊን የውሸት ይመስላል" ሲል፣ የቀረጸውን ፋይል ሳይ ዘጠና በመቶ የምጠረጥረው ነገር አንድ ነው፤ የመግቢያው ሌቭል (የሲግናሉ መጠን)። ነገሩ ወዲህ ነው። የእውነት አምፕ ውስጥ ጊታራችሁ የሚልከው ቮልቴጅ የታወቀ ነው፤ ገመዱን ሰካችሁ፣ አለቀ። ኮምፒውተር ውስጥ ግን በመካከል ኦዲዮ ኢንተርፌስ አለ። ኢንተርፌሱ ቮልቴጁን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ፕለጊኑ ደግሞ ያንን ቁጥር ተመልሶ ቮልቴጅ አድርጎ ያስበዋል። ሁለቱ በአንድ ልኬት ካልተግባቡ አምፑ የሚሰማው የእናንተን ጊታር ሳይሆን የሌላ ሰው ጊታር ነው።

ቁጥር ላስገባ። አንዱ ኢንተርፌስ የጊታር መግቢያው 12 ዲቢዩ (የሲግናል ቮልቴጅ መለኪያ ነው) ላይ ይሞላል፣ ሌላው 18 ዲቢዩ ላይ እንበል። በመካከላቸው 6 ዲሲቤል አለ፤ በቮልቴጅ እጥፍ ማለት ነው። ያንኑ ጊታር፣ ያንኑ ፕለጊን፣ ያንኑ እጅ ይዛችሁ አንደኛው ላይ ንጹሕ ኮርድ ሲወጣ ሌላኛው ላይ ይሻክራል። ከዚያ ሰው ፕለጊኑን ይሰድባል። "ሜትሩ ቀይ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አቁሙ" የሚለው የተለመደ ምክር ለዘፋኝ ድምፅ ይሠራል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን መፍትሔ አይሆንም። እኔ የኢንተርፌሱን ጌይን (የመግቢያ ማጉያውን) እስከ መጨረሻው እዘጋዋለሁ። በመመሪያው ላይ መግቢያው ስንት ዲቢዩ እንደሆነ አያለሁ። ሞዴሉ የተሠራበት ልኬት ከተጻፈ ልዩነቱን ፕለጊኑ መግቢያ ላይ እደምራለሁ ወይም እቀንሳለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን አንዴ ነው የሚሠራው፣ ከአዲስ ፕለጊን በላይም ለውጥ ያመጣል።

ሌላም አለ። ገመዱን የምትሰኩት የጊታር ምልክት ባለበት መግቢያ መሆን አለበት። ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የጊታሩ ክፍል፣ የሽቦ ጥቅል ነው፤ አንድ ሚሊዮን ኦም ገደማ የሆነ መግቢያ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። አሥር ሺህ ኦም በሆነ የላይን መግቢያ ከሰካችሁት ትሬብሉ ገና ከመጀመሪያው ይሞታል፣ የሞተ ትሬብል ደግሞ በኢኳላይዘር አይነሳም።

ሌቭሉ ሲስተካከል የምሞክረው ነገር ቀላል ነው። አምፑን ሊሻክር ጫፍ ላይ ሲደርስ አቆመዋለሁ። ከዚያ አንድ ኮርድ በአውራ ጣቴ ሥጋ ለስለስ አድርጌ እነካለሁ። ቀጥሎ ያንኑ ኮርድ በፒክ እመታዋለሁ። ጥሩ ሞዴል ላይ የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ግን ሲመታ መጀመሪያ እንደ መጨበጥ ይላል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያብጣል። እውነተኛው አምፕ ውስጥ ይህ የሚሆነው ኮርዱ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲጠይቅ የአምፑ ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጅ ስለሚወርድና ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ቀጥሎ የጊታሩን ቮልዩም ከ10 ወደ 6 አወርዳለሁ። ሻካራነቱ መጥፋት አለበት፣ ድምፁ ግን መታፈን የለበትም። የድሮ ጊታሪስቶች በእግር የሚቀየር ቻናል ሳይኖራቸው ከአጃቢ ወደ ሶሎ ይሻገሩ የነበረው በዚህች ማዞሪያ ነው። ፕለጊኑ ይህንን ፈተና ካለፈ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ግድ የለኝም።

ከአምፑ በኋላ ያለውን ማወቅ የፈለገ ሰው አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃዋል። ፕለጊኑ ላይ ስፒከሩን የሚያጠፋውን ቁልፍ ፈልጉና አጥፉት። ያ ሁሉ ሲወራለት የነበረ አምፕ ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋባት ንብ ይሆናል። አምፑ ራሱ እንዲህ ነው የሚሰማው! የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ይጥላል። ለሙዚቃ ማዳመጫ ስፒከር ይሄ ነውር ነው፤ ለጊታር ግን ሕይወቱ ነው። ቲዩቦቹ የፈጠሩትን ጩኸት የሚያጣራው፣ መሃሉን የሚያወጣው፣ ያ ወረቀት ኮን ነው።

ሶፍትዌር ውስጥ ስፒከሩን የሚተካው ኢምፐልስ ሪስፖንስ የሚባል አጭር ፋይል ነው፤ ልጆቹ አይአር ይሉታል። የስፒከሩ፣ የሣጥኑ፣ የማይኩና የማይኩ ቦታ ውጤት በአንድ ላይ ተጨምቆ የተቀመጠበት ነው። በ48,000 ኸርዝ 2,048 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ያለው አይአር 43 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ይረዝማል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ የቃናው ግማሽ አለ። ብዙ ጊዜ ማይኩ ሹር ኤስኤም57 ነው፤ በ1965 ወጥቶ እስካሁን ያልጠፋ ማይክ። ይህን ማይክ የስፒከሩ መሃል ላይ ካለው ክብ ፊት ብታቆሙት ድምፁ ጆሮ ይወጋል። ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ብታሸሹት ይለሰልሳል። ሁለት ጣት! የአምፕ ብራንድ ቀይራችሁ ይህን ያህል ልዩነት የማታገኙበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ የእኔ አሠራር ከብዙ ሰው የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ አንድ ተራ አምፕ እከፍትና ስፒከሩን እመርጣለሁ። ከበሮውና ቤዙ እየተጫወቱ፣ የአይአሮቹ ስም እየተሸፈነ፣ ሁሉንም በእኩል የድምፅ መጠን። ይሄ የመጨረሻው ግዴታ ነው፤ ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። የሚስማማኝን ሳገኝ አቆማለሁ። ሺህ አይአር ያለበት ፎልደር ሰውን ሥራ ፈት ያደርጋል።

አይአር የማይችለውም አለ። ስፒከር ሲጨነቅ ራሱ ይሻክራል፤ ፋይሉ ግን በለሆሳስም በጩኸትም ያው ነው። ደግሞ ስፒከር ላይ "8 ኦም" ተብሎ ቢጻፍም እውነቱ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይለያያል። ታች፣ ኮኑ በራሱ በሚርገበገብበት ቦታ፣ ብዙ እጥፍ ይወጣል፤ ላይም እንደገና ይጨምራል። የቲዩብ አምፕ ይሄን ያዳምጣል፣ እዚያ እዚያ ጋ አብዝቶ ይገፋል። እንደ ቮክስ ኤሲ30 ያለ ኔጋቲቭ ፊድባክ (የወጣውን ሲግናል መልሶ ወደ ውስጥ እየላከ ራስን ማረም) የሌለው አምፕ ላይማ በደንብ ይሰማል። ጥሩ ፕለጊን አምፑ ከየትኛው ስፒከር ጋር እንደተገናኘ ያውቃል። ደካማው አያውቅም፣ ታቹ ይቀጭጫል።

ሌላው ከአምፑ በኋላ ያለ ነገር ክፍሉና ጩኸቱ ነው። በ1966 እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዮል ባንድ ጋር ለንደን በሚገኘው የዴካ ስቱዲዮ ሲቀርጽ፣ የማርሻል አምፑን መድረክ ላይ በሚከፍትበት መጠን ካልከፈትኩ ብሎ አሻፈረኝ አለ። ያኔ ስቱዲዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ጩኸት ያልተለመደ ነበር። ያን ያህል የጮኸ አምፕ ደግሞ ግድግዳውን ይመታል፣ የሌላው ሰው ማይክ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶም የጊታሩን ክር ያንቀጠቅጣል። የተያዘ ኖታ የማይሞትበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስትጫወቱ ይህ ሁሉ የለም። ክሩ ብቻውን ነው። እኔ ሶሎ ስቀርጽ ስፒከሮቼን ጨመር አድርጌ ጊታሩን ወደነሱ አዞራለሁ። ፕለጊኑ ላይም ከቅርብ ማይኩ ሥር በጣም አጭር የክፍል ሪቨርብ (ማስተጋባት)፣ በሞኖ፣ ሊሰማ ትንሽ እስኪቀረው አስገባለሁ።

ጩኸት ጆሮንም ይለውጣል። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ማንሰን በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ከመሃሉ ይልቅ ይዘነጋል። ስለዚህ ማታ ቀስ ብሎ የሚከፈት ፕለጊን የሳሳ ይመስላል። ሰው ቤዝና ትሬብል ይጨምራል። ጠዋት ሚክሱ (የሁሉም መሣሪያ ድብልቅ) ውስጥ ሲያስገባው ጊታሩ ከቤዙ ጋር ይጣላል፣ ከሲምባሉ ጋር ይጣላል፣ መሃል ላይ ያለ ቤቱን ደግሞ ባዶ ትቶታል። የታችኛው ወፍራም ክር ባዶውን ሲመታ 82 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ እኔ ያለ ርኅራኄ እቆርጠዋለሁ።

የኮምፒውተሩን የራሱን ችግር በአጭሩ ልለፈው። ሌተንሲ (ክሩ ተነክቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለው መዘግየት) ላይ ብዙ እሮሮ እሰማለሁ። በ48,000 ኸርዝ 128 ሳምፕል በፈር (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያሰላው የድምፅ ቁራጭ) ማለት 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ ደርሶ መልሱን ብትቆጥሩት ከአምስት ትንሽ ይበልጣል። ከአምፑ 3 ሜትር ርቆ የቆመ ጊታሪስት ድምፁ ጆሮው እስኪደርስ 9 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጠብቃል፣ ማንም ግን አያማርርም። አሊያሲንግ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ዲስቶርሽን (ማሻከር) አዳዲስ ቀጫጭን ድምፆች ይወልዳል። በ44,100 ኸርዝ ስትቀርጹ ከ22,050 በላይ የሆነው ቦታ ስለሌለው ታጥፎ ይመለሳል። 5,000 ኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ ሰባተኛ እጥፉ 35,000 ነው፤ ያ ታጥፎ 9,100 ላይ ይወጣል፣ ከዘፈኑ ቁልፍ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሆኖ። ለመስማት ከፈለጋችሁ ብዙ ጌይን ክፈቱና ቀጭኑን ክር ከአሥራ ሰባተኛው ፍሬት ወደ ላይ ጎትቱት። ኖታው ሲወጣ ከሥሩ አንድ ቀጭን ፉጨት ወደ ታች ሲወርድ ከሰማችሁ እሱ ነው። ኦቨርሳምፕሊንግ (በውስጡ ከፍ ባለ ፍጥነት ማስላት) የሚል አማራጭ ካለ አብሩት፤ ኮምፒውተሩ ካቃተው ቢያንስ የመጨረሻውን ፋይል ስታወጡ።

የድሮ አምፕ እዝዝታ የሚጨምር ቁልፍ ያላቸው ፕለጊኖችም አሉ። ሰው ስንት ዓመት ሲሸሸው የነበረውን እዝዝታ ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል። ጉድ ነው።

የሚቀረው የዲአይ ጉዳይ ነው፤ ያለ አምፕ የተቀረጸው የጊታሩ ባዶ ሲግናል። ብዙዎች ዲአዩን ይዘው "አምፑን በኋላ እንመርጣለን" ይላሉ። እኔ አልወደውም። ጊታሪስት የሚሰማውን ድምፅ ተከትሎ ነው የሚጫወተው። በሻካራና በሚያብጥ ድምፅ ሲጫወት ኖታዎቹን ያሳርፋቸዋል፣ በመካከል ይተነፍሳል፣ አምፑ እስኪያብጥለት ይጠብቃል። በንጹሕና በደረቅ ድምፅ ሲጫወት ክፍተቱን በኖታ ይሞላዋል። በኋላ አምፑን ስትቀይሩበት እጁ አንድ አምፕ፣ ጆሯችሁ ሌላ አምፕ ይሆንና የሆነ ነገር አልገጥም ይላል። ስለዚህ አምፑ ሳይከፈት፣ ሌቭሉ ሳይስተካከል፣ ቀይዋን የመቅረጫ ቁልፍ አልጫንም። ዲአዩን ግን በሌላ ትራክ ላይ ሁልጊዜ አስቀምጠዋለሁ። ሚክስ ላይ ጊታሩ ቦታ ካጣ ያንን ከፍቼ በዚያው አምፕ ውስጥ እንደገና አሳልፈዋለሁ፣ ስፒከሩንና ማይኩን ብቻ ቀይሬ።